ጥርሳም ፊደል

ያኔ ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል እንጂ አይነበብም ነበር። ጽሑፉ በስክሪኑ አልፎ ወደ ወረቀት ይሄዳል፤ የሚነበበው፣ የሚታረመው፣ ጭቅጭቁም የሚነሣው ወረቀት ላይ ነው። ስክሪን ላይ ያየነውን ብቻ አምነን ወደ ማተሚያ ቤት የላክነው ገጽ አልነበረም። ዛሬ አልጋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ልብ ወለድ ለሚጨርስ ወጣት ይህን ስነግረው ያጋነንኩ ይመስለዋል። አላጋነንኩም። የዚያን ጊዜ የስክሪን አማርኛ በግማሽ ይታያል፣ በግማሽ ይገመታል።

የማወራው በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ከወጣ በኋላ ስለመጡት ዓመታት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በተለይ በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ሌዘር ፕሪንተር ያገኘ ሁሉ ጋዜጣ ወይም መጽሔት ይጀምር ነበር ማለት ይቻላል። እኔ ከእነዚህ መጽሔቶች በአንዱ ሌይአውት እሠራ ነበር። ኮምፒውተሩ የቤቱ ጌታ ነው። ጠዋት ሽፋኑ ተገፎ ይታጠፋል፣ ስታብላይዘሩ ጠቅ ብሎ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚበራው። ሞኒተሩ ባለ 14 ኢንች ሆኖ ጀርባው ግን ረዥም ነው፤ በእሱ ምክንያት ጠረጴዛው ከግድግዳው ርቆ ነበር የሚቀመጠው። ፊቱ ላይ ጥቁር መስታወት ይንጠለጠልለታል፤ ጨረር ይከላከላል ይባላል። ለታይፒስቷ ወተት እንድትጠጣ የሚመክራት አይጠፋም ነበር። ወተቱን የሚገዛላት ግን አልነበረም።

ያ ሞኒተር በወርዱ 640፣ በቁመቱ 480 ነጥብ ነበረው። ተባዝቶ 307,200 ይሆናል። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው መካከለኛ ስልክ እንኳ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው፤ ያውም በመዳፍ በምትያዝ ስክሪን ላይ ተጠቅጥቆ። በእኛ ሞኒተር ላይ ነጥቦቹ በዓይን ይቆጠራሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ፤ መካከለኛ የለም። ስለዚህ ጽሑፉ በመስቀለኛ ጥልፍ የተሠራ ይመስል ነበር። እናቶቻችን በሶፋ ልብስ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ብለው እንደሚጠልፉት ፊደሉ በካሬ በካሬ ይቆማል። ቀጥ ያለው እግር ደህና ነው። ክቡ ግን፣ የ«ዐ» ዙሪያ፣ የ«መ» ሆድ፣ የ«ወ» ጉንጭ፣ ደረጃ በደረጃ ይሰበርና ጥርስ ያወጣል።

ጥርሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ መልክ ማጣት ነው ብለን በተውነው። የእኛ ጣጣ ሌላ ነበር። በተለመደው የጽሑፍ መጠን፣ በ12 ፖይንት ማለት ነው፣ ለአንድ ፊደል የሚደርሰው ቁመት ወደ አሥር ረድፍ ገደማ ነው። በዚያ አሥር ረድፍ ውስጥ ራስ፣ ወገብና እግር መግባት አለባቸው፤ የፊደላችን ትርጉም ደግሞ ያለው በእነዚህ ላይ በሚንጠለጠሉት ጥቃቅን ነገሮች ነው። «ሲ» ከቀኝ እግሯ ሥር አጭር ሰረዝ አላት፤ «ሴ» እዚያው ቦታ ላይ ቀለበት። ቀለበት ለመባል መሃሉ ባዶ መሆን አለበት። ለባዶው አንድ ነጥብ፣ ለዙሪያው በየአቅጣጫው አንድ አንድ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ሦስት በሦስት ሆነ ማለት ነው። ከአሥር ረድፍ ሦስቱን ለእግር ጌጥ የሚሰጥ የለም። ስለዚህ ቀለበቱ ይደፈናል፣ «ሴ»ም «ሲ» ሆና ታርፋለች። «ቤ»ና «ቢ»፣ «ቴ»ና «ቲ» እንደዚያው። የ«ሸ» አግዳሚ ከራሱ ጋር ይጣበቅና ወፍራም «ሰ» ይሆናል። «ብ» በግራ ጎኗ ያለችውን ትንሽ ስብራት ስታጣ የብር ጉዳይ የበር ጉዳይ ይመስላል።

የላቲኑ ፊደል ይህ ችግር አልነበረበትም ማለት አይደለም። ግን ቀድሞ ተቆርቋሪ አግኝቷል። አፕል እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው፣ በኢንጂነር ሳምፖ ካሲላ መሪነት የተሠራው ትሩታይፕ የተባለው የፎንት ዓይነት፣ በፊደሉ ቅርጽ ውስጥ መመሪያ እንዲቀመጥ ያደርግ ነበር። ነጥብ ሲያጥርህ ይህንን እግር ከዚያኛው ጋር አስተካክል፣ ይህንን ቀዳዳ አትድፈን የሚል መመሪያ ነው፤ ሙያተኞቹ ሂንቲንግ ይሉታል። በቀጣዩ ዓመት ከዊንዶውስ 3.1 ጋር የመጡት ኤሪያልና ታይምስ ኒው ሮማን ፊደል በፊደል፣ መጠን በመጠን ተለፍቶባቸው ነው የወጡት። የእኛዎቹን ፎንቶች የሠሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ በማታ። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል መሳሉ ራሱ ጀግንነት ሆኖ ሳለ፣ ለያንዳንዱ መመሪያ እንዲጽፉ መጠየቅ ግፍ ነበር። ስለዚህ አልጻፉም። ውጤቱን በ«ጠ» ላይ ማየት ይበቃል፤ ሦስቱ እግሮች ወረቀት ላይ እኩል ናቸው፣ ስክሪን ላይ ግን አንዱ ባለ አንድ ነጥብ፣ ሌላው ባለ ሁለት ነጥብ ሆኖ ፊደሉ ያነክሳል። አንድ ቦታ ያነከሰው ፊደል ጥቂት ቃላት አልፎ ሌላ ቦታ ሲመጣ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አራሚያችን እነዚህን ፊደላት በጠላትነት ነበር የሚያዩዋቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ፊደል በጣታቸው እየዳሰሱ፣ የተገለበጠ መስመር እንደ ልብ የሚያነቡ። ኋላም በታይፕራይተር ዘመን አልፈዋል። ኢንጂነር አያና ብሩ ታይፕራይተርን ለአማርኛ ካበጁ ወዲህ ፊደላችን ከማሽን ጋር ሲደራደር መኖሩን የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ፣ በአዲስ ማሽን ቶሎ አይደነግጡም፤ ቶሎም አያምኑም። ወደ ስክሪኑ ና ብሎ የሚጠራቸው ከተገኘ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «አውጣልኝ።»

እናወጣላቸዋለን። ሌዘር ፕሪንተሩ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይተፋል፤ የስክሪናችን አምስት እጥፍ ያህል ነው። ከፕሪንተሩ ሆድ ሞቆ የሚወጣው ገጽ ላይ «ሴ» ቀለበቷን መልሳ ታገኛለች። ጋሼ ቀይ እስክሪብቷቸውን ይዘው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ከጎናቸው ታይፒስቷ ዋናውን የእጅ ጽሑፍ ይዛ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሳቸው በፕሪንቱ ይከተላሉ። ደራሲው መጥቶ ከሆነ እሱም ይጨመራል፤ ያኔ እርማቱ ክርክር ይሆናል። ያ ወረቀት ተመልሶ ወደ እኔ ሲመጣ ከጥቁሩ ቀዩ ይበዛ ነበር። እኔ ደግሞ ፔጅሜከር በተባለው የሌይአውት ፕሮግራም ላይ ገጹን ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴ አራት እጥፍ አጉልቼ ቀዩን አንድ በአንድ እገባበታለሁ። አጉልቶ መሥራት የዘመኑ መነጽር ነበር፤ ገጹን በሙሉ ስታየው አታነብም፣ ስታነብ ገጹን አታይም።

ስለ ፎንቶቹ መከፋፈል ብዙ ማለት አልፈልግም፤ የዘመኑ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ ስለሌለው ፊደላችን በሁለትና በሦስት ፎንት ተከፍሎ ይቀመጥ ነበር። ፓወር ግዕዝ የራሱ አቀማመጥ አለው፣ ቪዥዋል ግዕዝ የራሱ። በፍሎፒ ይዘኸው የሄድከው ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክትና የቃለ አጋኖ ክምር ይሆናል። ስለዚህ ፍሎፒ ሁለት ይያዛል፤ አንዱ ለጽሑፉ፣ አንዱ ለፎንቱ።

ይህ ጣጣ ውቅያኖስ ሲሻገር ነው የባሰው። ኢንተርኔት በተስፋፋባቸው የመጀመሪያ ዓመታት በዋሽንግተንና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ያቋቋሟቸው ድረ ገጾች ሁለት ምርጫ ነበራቸው፤ ወይ አንባቢውን «መጀመሪያ ይህን ፎንት አውርድ» ማለት፣ ወይ ጽሑፉን በሥዕል መልክ ማስቀመጥ። ለርዕስ ብዙዎቹ ሥዕሉን መረጡ። በሥዕል ማዘጋጃ ፕሮግራም የተጻፈው አማርኛ ጠርዙ የለሰለሰ ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪን ላይ ጥርስ የሌለው ፊደል ያየሁት እዚያ ነው። ግን ማለስለሱ የተሠራው ለነጭ ወረቀት ታስቦ ነው። በጥቁርና በነጭ መካከል ያሉት ግራጫ ነጥቦች ከሥዕሉ ጋር ተጋግረው ቀርተዋል። የድረ ገጹ ባለቤት ያንን ርዕስ አንሥቶ አረንጓዴ መደብ ላይ ሲያስቀምጠው ፊደላቱ ዙሪያቸውን ነጭ ቅርፊት ይዘው ብቅ ይላሉ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሞላበት ዘመን ስለነበር ቅርፊት ያልነበረው ርዕስ ማግኘት ብርቅ ነበር።

ማለስለስ ራሱ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። ለዊንዶውስ 95 ለብቻ ይሸጥ በነበረው ፕላስ በተባለው ጥቅል ውስጥ መጥቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የፊደሉ ጠርዝ አንድን ነጥብ በግማሽ ከሸፈነ ነጥቡ ግማሽ ጥቁር፣ ማለትም ግራጫ ይሆናል፤ ራቅ ሲሉ ዓይን ራሱ ያዋህደዋል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ትልልቁን ርዕስ እንጂ የገጹን ዋና ጽሑፍ አለመንካቱ ነው። እርዳታ የሚያሻው ትንሹ ፊደል ጥርሱን እንዳወጣ ቀረ።

ክሊርታይፕ ሲመጣ ነው ነገሩ የተለወጠው። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1998 ላስ ቬጋስ ላይ በኮምዴክስ አውደ ርእይ አስተዋወቀው። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ቢል ሂል የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው፤ የቀድሞ ጋዜጠኛ፣ ወደ ማይክሮሶፍት ከመሄዱ በፊትም እኛ እንጀራችንን የምንጋግርበትን ፔጅሜከር በሠራው በአልደስ ኩባንያ የሠራ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሰውየውን እንደ ሥራ ባልደረባ ነው የማስበው። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ጠፍጣፋው ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ነጥብ በውስጡ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት ዘንጎች አሉት፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ነጥቡን በሙሉ ከማብራትና ከማጥፋት ይልቅ ዘንጎቹን ለየብቻ ብናዝዛቸው፣ ስክሪኑ በወርዱ ሦስት እጥፍ ነጥብ እንዳገኘ ይቆጠራል።

ክሊርታይፕ ዊንዶውስ ኤክስፒ ውስጥ ነበረ፤ ግን ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ዲስፕሌይ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አፒራንስ፣ ከዚያ ኢፌክትስ የምትለዋን ተጭኖ ገብቶ ዝርዝሩን ማውረድና መምረጥ ይጠይቃል። ቢሯችን የመጀመሪያውን ጠፍጣፋ ስክሪን ሲገዛ ያንን ቦታ አገኘሁትና ከፈትኩት። ከማተሚያ ቤት ሰዎች ያገኘሁት ፊልም መመርመሪያ ማጉያ ነበረኝ። እሱን ስክሪኑ ላይ አስደግፌ አንድ «ሀ» ተመለከትኩ። ጥቁር ነው ያልኩት እግር በግራ ጠርዙ ቀላ ያለ፣ በቀኙ ሰማያዊ ያጠቀሰ ሆኖ አገኘሁት። ማጉያውን ሳነሣ ቀለሙ ጠፋ፣ እግሩ ጠቆረ። ፊደል እንዲህ አድርጎ ዓይንን እንደሚያታልል አላውቅም ነበር፤ ታይፒስቷም፣ የሒሳብ ሠራተኛዋም፣ ሻይ ያመጣው ልጅም ሳይቀር ተራ ገብተው አዩ።

አንድ ነገር ግን ዓይኔን ጎረበጠው፤ ምክንያቱን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ክሊርታይፕ ያኔ የሚያለሰልሰው ወደ ጎን ብቻ ነበር። ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው ነገር የለም፤ ዘንጎቹ የቆሙት ጎን ለጎን ነዋ። ለላቲን ይህ ብዙም አይጎዳም። የእኛ ፊደል ግን ግማሽ ጉዳዩ በቁመት ላይ ነው፤ ሰረዙ ወገብ ላይ ነው ወይስ እግር ላይ፣ ራሱ ላይ አግዳሚ አለ ወይስ የለም። እግሮቹ አማሩ። «ጠ» ማነከሱን አቆመ። የ«ሴ» ቀለበት ወደ ጎን ተከፈተ። የ«ሸ» አግዳሚ ግን ከራሱ እንደተጣበቀ ቀረ። ማንም በክፋት ያደረገው አይደለም፤ መሐንዲሶቹ ፊት የነበረው ሌላ ፊደል ነው። ማይክሮሶፍት በቁመትም የሚያለሰልሰውን ዳይሬክትራይት የተባለ አሠራር ከዊንዶውስ 7 ጋር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ጋሼ ለስላሳውን ፊደል ለማየት ብዙ ተለምነው መጡ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩ፣ አድርገው አዩ።

«አሁን ደግሞ ጭጋግ ውስጥ ከተትከው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ በደንብ ይዩት» አለች ታይፒስቷ፤ «ይኸው ‹ሴ› እኮ ‹ሴ› ሆነች።»

«ፊደል ጠርዝ አለው ልጄ። ጠርዙን ከሞረድሽው ምኑን ልይዘው ነው?»

ፊደልን በጣታቸው ይዘው የኖሩ ሰው ናቸውና አባባላቸው አልገረመኝም። ደግሞም በከፊል እውነት ነበራቸው። በሌሎቹ ጠረጴዛዎች ላይ የቀሩት ጀርባ ረዣዥሞቹ ሞኒተሮች ናቸው፤ በእነሱ ላይ ዘንጎቹ በዚያ ሥርዓት ስለማይሰለፉ ክሊርታይፕ ሲከፈት ጥቅሙ ትንሽ፣ ብዥታው ብዙ ነው። አንዳንዱ ይከፍታል፣ የማታው ሠራተኛ መጥቶ ይዘጋል፣ ጠዋት እንደገና ይከፈታል። በዓለም ደረጃም ተመሳሳይ ክርክር ነበር፤ አፕል የፊደሉ ቅርጽ ይጠበቅ እንጂ ትንሽ ቢደበዝዝ ግድ የለም ይላል፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ይጥራ እንጂ ቅርጹ ትንሽ ቢጎተት ምን አለ ይላል። እኔ ከአፕል ወገን ነኝ፤ አፕል ግን አልነበረኝም።

ዊንዶውስ ቪስታ በጥር 1999 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲቀርብ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። የሠሩት ጆን ሃድሰንና ጀራልዲን ዌድ ናቸው፤ ስሙ የደጋ አጋዘናችን ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ፣ ዓመታት ተቆጥረው ነበር፤ ኮምፒውተሩ ሲገዛ አብሮት የሚመጣ፣ ለስክሪን ታስቦ የተሠራ የአማርኛ ፎንት ዊንዶውስ ላይ ስናይ ግን የመጀመሪያችን ነው። ክሊርታይፕም ያኔ ተከፍቶ መምጣት ጀመረ። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ልንቀበል ወራት ሲቀሩን መሆኑ ሌላ ደስታ ነበር። ለእኔ ዓይን ኒያላ ትንሽ ቀጠን ያለ ነው፤ ግን ማንም ሳያወርደው፣ ማንም ሳይጭነው ደብዳቤው ይከፈታል። ሁለተኛው ፍሎፒ ያኔ ነው የሞተው።

ወረቀቱም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። ስክሪኑ ሲነበብ ጊዜ ፕሪንት ማውጣት ብክነት ሆነ። ቶነር ውድ ነው፣ ወረቀት ውድ ነው፣ «እዚያው ስክሪን ላይ እረሙት» የሚል ትእዛዝ ከላይ መጣ። ጋሼ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጡ፤ መስኮቱ ሥር የነበረው ጠረጴዛ ላይ ስካነር ተቀመጠበት። ጮክ ብሎ ማንበቡም አብሮ ቀረ። እዚህ ላይ እኔ የማስበውን ልናገር። ጥርሳሙ ፊደል አስቀያሚ ነበር፣ ዓይን ያደክማል፣ ናፍቆኝ አያውቅም። ግን ያላለቀ ሥራ ያላለቀ እንዲመስል ያደርግ ነበር። ያንን ገጽ አይቶ አለቀ የሚል የለም፤ ስለዚህ ማንም ለመሰረዝ እጁ አይፈራም። ለስላሳው ፊደል የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ሳለ የታተመ መጽሐፍ ይመስላል። ደራሲዎች እኔ ፊት ተቀምጠው፣ ገና ትናንት የጻፉትን አንቀጽ ስክሪኑ ላይ አምሮ ሲያዩት፣ «ይኸው ይሂድ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያንኑ አንቀጽ በጥርሳሙ ፊደል ቢያዩት ኖሮ «አውጣልኝ» ባሉ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው በፍጥነት ያለፈ ነው። አይፎን 4 እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ኢንች 326 ነጥብ ይዞ ወጣ፤ የዚያን ጊዜው ሌዘር ፕሪንተራችን በአንድ ኢንች 300 ነበር ብያለሁ። ስክሪን ፕሪንተርን በዚህ በለጠው። ነጥቡ በዓይን የማይለይ ሲሆን የዘንጎቹ ብልሃትም አላስፈለገም፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 ከማክ ኮምፒውተሮቹ አነሣው። ከኢፌክትስ ሥር ያለችውን ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ዛሬ የለም።

በቅርቡ አንድ ወጣት ዲዛይነር ስለዚያ ዘመን ለሚወጣ መጽሐፍ ሽፋን ሲሠራ፣ ርዕሱን «በድሮው የኮምፒውተር ፊደል» ላድርገው ብሎ ፎንቱን እንድፈልግለት ለመነኝ። ከአሮጌ ሲዲ ላይ አገኘሁለት። ጫነው፣ ጻፈበት፤ ፊደሉ እንደ ሐር ለስልሶ ወጣ። ለካ ጥርሱ ፎንቱ ውስጥ አልነበረም። ፎንቱ ያኔም ለስላሳ ነበር፤ ጥርሱን የሚያወጣው ሞኒተሩ ነው፣ በየቀኑ፣ በየፊደሉ እንደ አዲስ። የመጽሔታችን ፋይሎች ዛሬ ቢከፈቱ አንዳቸውም ያንን መልክ አይዙም። የታተመው መጽሔትም ላይ የለም፤ ስክሪኑን ደግሞ ፎቶ ያነሣው ሰው አላውቅም።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ካሬ ወረቀት ከፍቶ እያንዳንዱን ፊደል በነጥብ በነጥብ ራሱ ሣለው፤ አሥር ረድፍ፣ ጥቁር ወይም ነጭ። ጥሩ ሠርቷል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እጁን ያዝኩት፤ የ«ሴ»ን ቀለበት ሦስት በሦስት አድርጎ መሃሉን ክፍት ትቶታል።

«ድፈነው» አልኩት።

«‹ሲ› ትሆናለች እኮ ጋሼ።»

«ትሁን። ከቃሉ ይረዱታል።»